ከመቶ ስድስት

ጋሼ ልጄን አላቅፍም አሉ።

ገና አንገቷ ያልጠና ጨቅላ ናት። ከቤት ይዣት ስወጣ የመጀመሪያዋ ነበር፤ የወጣሁትም ለእሳቸው ብዬ ነው። እርጉዝ ሳለሁ ሆዴን እያዩ «አባትየው ሳያቅፍ እኔ ነኝ የማቅፈው፣ ከአሁኑ ንገሪው» ሲሉኝ የከረሙት እሳቸው ነበሩ። ያን ዕለት ግን ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ከሩቅ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው «ታምራለች፣ ታምራለች» ይሉ ጀመር።

«እንኩ እንጂ ጋሼ» ብዬ ዘረጋሁላቸው።

ወደኋላ ፈቀቅ አሉ። «ተይ ሚጣ። እጄን አላምነውም።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ባለቤታቸው እትዬ ግን አልሳቀችም፤ ቶሎ ብላ ልጅቱን ከእጄ ተቀበለችኝ። ዓይኗን ስታሸሽብኝ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ ሲሞት እናቴ እኔን አንጠልጥላ እነሱ ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲህ፣ የራሴን ቤት ከያዝኩ በኋላም፣ የእኔ ቤት ያ ቤት ነው። ብስክሌት ስማር ኮርቻዬን የያዙት፣ የተነቃነቀ ጥርሴን የነቀሉት፣ ዓይኔ ውስጥ የገባ ጉድፍ በመሐረብ ጫፍ ያወጡት እነዚያ እጆች ናቸው። እሳቸው እጃቸውን ካላመኑ ማን የማንን እጅ ሊያምን ነው?

የምንሠራውም አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። ከየፋብሪካው የደከመ የጋዝ ተርባይን፣ ጄኔሬተር የሚያዞር ትልቅ ሞተር፣ ይመጣልናል፤ እንፈታዋለን፣ የተበላውን እንቀይራለን፣ ገጥመን ፈትነን ለባለቤቱ እንመልሳለን። ጋሼ የገጣጣሚዎች አለቃ ናቸው። ነበሩ ልበል እንጂ። እኔ የመለኪያ ክፍል ነኝ፤ ሥራዬ ሌሎች የሚለኩበት መሣሪያ ራሱ ልክ መሆኑን መለካት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ወዳጅ የለኝም።

ተርባይን ፊቱ ላይ ኮምፕረሰር የሚባል ክፍል አለው። አየር ውጦ፣ ጨምቆ፣ ወደ እሳቱ የሚልከው እሱ ነው። በዘንጉ ዙሪያ በመደዳ የተሰኩ፣ እንደ ማራገቢያ ምላስ ያሉ ብሌዶች አሉት። በብሌዶቹ ጫፍና በብረት ሽፋኑ መሃል ያለችው ክፍተት ከወረቀት ብዙም አትወፍርም። ከሰፋች አየሩ በዚያው ሾልኮ ይመለስና ማሽኑ የሚውጠው ያንሳል፤ ከጠበበች ብረት ብረትን ይበላል። ያችን ክፍተት ዙሪያውን እኩል አድርጎ መግጠም የጋሼ ሥራ ነበር። መለኪያውን አስገብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ብቻ «ትንሽ ወደዚህ» ሲሉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከዚያ ፈተና ይመጣል። የፈተናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማሽኑ በሰከንድ ስንት ኪሎ አየር ዋጠ? መልሱ ግን እንዳለ አይወሰድም። የአምራቹ መጽሐፍ የሚያወራው በባሕር ወለል ላይ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቀን ስለሚሠራ ማሽን ነው። የእኛ ከተማ ደግሞ ከፍ ያለች ናት፤ አየሯ ሳሳ ይላል። ያው ማሽን እዚህ ሲዞር በኪሎ የሚውጠው ያነሰ ነው፤ ጥፋቱ የአየሩ እንጂ የማሽኑ አይደለም። ስለዚህ የዕለቱን ግፊትና ሙቀት ለክተን፣ የተገኘውን ኪሎ ወደ መጽሐፉ ቀን እንቀይረዋለን። ጋሼ ይህን «የቢሆን ኖሮ ሒሳብ» ይሉታል። እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ምሳ ላይ ነው ያስረዱኝ፦ «ይህን ማሽን ተሸክመን ባሕር ዳርቻ ብናወርደው ኖሮ ስንት ይውጥ ነበር? ይኸው ነው። ማሽኑን በቆመበት አገር አየር አትፈርጂበትም።»

ሌላም ደንብ ነበራቸው። ቁጥሩ ከመጣ በኋላ አፍ ይዘጋል። ሌላው ገጣጣሚ ማሽኑ ሲወድቅበት ሰበብ ይደረድራል፤ ዘይቱ ነው፣ ቱቦው ነው፣ ትናንት የመጣው ብሌድ ነው። ጋሼ «ቁጥሩ አክስትህ መሰለችህ እንዴ፣ የምታባብላት?» ይሉታል። ሁሉም ይስቃል። ሰውየውም አፍሮ ማሽኑን መልሶ ይፈታል።

እኔ የወሊድ ፈቃድ በወጣሁ ሰሞን ጉድ ፈላ። ጋሼ የገጠሙት ማሽን ወደቀ። ከመጽሐፉ ከመቶ ስድስት ጎደለ፤ የሚፈቀደው ጉድለት ከመቶ ሁለት ነው። ይህን ሁሉ በኋላ የነገረችኝ እትዬ ናት፤ አራስ አትረበሽም ብለው እኔን ደብቀውኝ ነበር። ጋሼ እንደ ደንባቸው አፋቸውን ዘግተው ማሽኑን ፈቱት። ክፍተቱን አንድ በአንድ ለኩት፤ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ይበልጥ አስደነገጣቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ አይደለም» ብሎ ያርፍ ነበር። ጋሼ ግን «እንግዲያው የሚለካው እጄ ነው የዋሸኝ» አሉ። እንደገና ገጠሙት። እንደገና ስድስት ጎደለ።

በማግስቱ የሙከራ ክፍል ኃላፊው ቢሮ ገብተው ከሥራ ልሰናበት አሉ። ኃላፊው ወጣት ነው። በየዐረፍተ ነገሩ መሃል «ስታንዳርድ» ስለሚል ሠራተኛው ስታንዳርድ ብሎ ሰይሞታል፤ እሱም አይከፋውም፣ እንዲያውም ሹመት ይመስለዋል። «ትንሽ ዕረፍት ያስፈልግዎታል» አላቸው። አንድም ሰው «ቆይ እስቲ» አላለም። ዕድሜ ልኩን ቁጥር ያከበረ ሰው በቁጥር ሲወድቅ ምን ይባላል?

ማሽኑ በኮንትራት ለመጣ ገጣጣሚ ተሰጠ። መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሳይሆን ሁልጊዜ ግንባሩ ላይ ስለሚያደርግ «መነጽሩ» ይሉታል። መነጽሩ ማሽኑን ፈታ፣ ጠራረገ፣ መልሶ ገጠመ። ማሽኑ አለፈ። ከመጽሐፉ ጋር እኩል ለእኩል! አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሼ ለመሰናበት መጥተው እዚያው ነበሩና ሄደው እጁን ጨበጡት፤ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ያልተለያቸውን የግል የክፍተት መለኪያቸውንም አውጥተው ሰጡት። «ለእኔ ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል» አሉት አሉ።  ይህን ስሰማ እኔም ያኔ ምን ልበል? ሰው ያረጃል ብዬ ተቀመጥኩ።

ፈቃዴን ጨርሼ ሥራ እንደተመለስኩ መሣሪያዎቼን ለማየት የሙከራ ክፍል ገባሁ። ያው ሽታ፣ ያው የሚንቀጠቀጥ መስኮት። ግድግዳው ላይ ግን ከቀለሙ ነጣ ያለ ረጅም ምልክትና ሁለት ባዶ ምስማሮች አየሁ። ባሮሜትሩ የለም። የአየር ግፊት የምንለካበት አሮጌ ባለ ሜርኩሪ ዘንግ ነው፤ በየጊዜው አቧራውን የምጠርገውና የማስተካክለው እኔ ነበርኩ።

«ባሮሜትሬ የታለ?» አልኩት ስታንዳርድን።

«ሜርኩሪ እኮ መርዝ ነው። አንቺ ፈቃድ እንደወጣሽ የደኅንነት ክፍል አስነሣው። የምታጠባ ሴት በዚህ ልትደሰት ይገባል።»

«ደስ ብሎኛል። ታዲያ ግፊቱን ከየት ትወስዳላችሁ?»

ስልኩን ከኪሱ መዘዘ። «ከአየር ትንበያ። በየሰዓቱ ይታደሳል። ነፃ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ስታንዳርድ ነው።»

አየሁት። አንድ ሺህ አሥራ ምናምን ይላል። ክው አልኩ። በእኛ ከተማ ግፊት ሺህ ገብቶ አያውቅም። አንድ ቃል ሳልናገር ወደ ክፍሌ ሮጥኩ፤ ሌሎቹን የማስተካክልበትን፣ ከመቆለፊያ የማይወጣውን የእጅ ባሮሜትር አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ከስልኩ ጎን አስቀመጥኩለት። ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ገደማ አለ።

«የትኛው ነው የተበላሸው?» አለ።

«አንዱም አልተበላሸም።»

የትንበያ ሰዎች የራሳቸው የቢሆን ኖሮ ሒሳብ አላቸው። የተራራውንም የሜዳውንም ከተማ ባንድ ካርታ ላይ ለማወዳደር ሲሉ፣ ግፊቱን ሁሉ ወደ ባሕር ወለል ቀይረው ነው የሚናገሩት። ስልኩ ላይ ያለው የእኛ አየር አይደለም፤ ከተማችን ባሕር ዳርቻ ብትሆን ኖሮ ይኖራት የነበረው አየር ነው። ማሽኑ የዋጠው የእኛን ስስ አየር ነው። የተፈረደበት ግን ወፍራሙን እንደጠገበ ተቆጥሮ ነው። በእኛ ግፊትና በስልኩ ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው? ከመቶ ስድስት። ጉድለቱ በጋሼ ማሽን ውስጥ ኖሮ አያውቅም። በዚህ ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነበር።

«መነጽሩ የገጠመው ዕለትስ?» አልኩት።

የመለሰችልኝ ከመቆጣጠሪያው ፊት የተቀመጠችው ኦፕሬተር ናት። «ያን ቀን የደንበኛው ተቆጣጣሪ የራሱን መሣሪያ ይዞ መጥቶ ነበር። ግፊቱን ከእሱ ነው የወሰድነው።»

«ማሽኑ የዋጠው ኪሎስ? ከሒሳቡ በፊት ያለው?»

«ያው ነው። ሦስቱም ጊዜ ያው ነው። እኔም ገርሞኝ ነበር።»

«ገርሞሽ ምን አደረግሽ?»

«ገርሞኝ ዝም አልኩ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

መነጽሩ ምንም አልጨመረም ማለት ነው። የጋሼን ሥራ ፈታ፣ የጋሼን ሥራ ገጠመ፣ ተጨበጨበለት። ጋሼም አብረው አጨበጨቡ።

ስታንዳርድ ደደብ አይደለም፤ ቶሎ ገባው። ደደብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄው «ይህን ሌላ ማን ያውቃል?» የሚል ሆነ።

«አሁን ጋሼ ሊያውቁት ነው።»

«እስቲ ረጋ በይ። ማሽኑ አልፏል፣ ደንበኛው ወስዶታል፣ ደስ ብሎታል። ግፊቱንም ከዛሬ ጀምሮ እናስተካክላለን። ያለፈውን ማንሣት ማንን ይጠቅማል?»

«ጋሼን!»

«እሳቸው በክብር ነው የተሸኙት። የግድግዳ ሰዓት ሰጥተናቸዋል።»

ያን ጊዜ የጮኽኩትን ጩኸት ገጣጣሚዎቹ እስከ ወዲያኛው አዳራሽ ሰምተውታል። ጡቴ አፍስሶ ሸሚዜን አርሶታል፣ አፌ ያመጣውን ሁሉ እላለሁ። ሲያልቅብኝ ምርጫ ሰጠሁት፦ ወይ ራሱ ሄዶ ዓይናቸውን እያየ በአፉ ይነግራቸዋል፣ ወይ እኔ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ዘንድ እገባለሁ። ፊቱን አጠቆረ። ከዚያ «እሺ፣ እመጣለሁ» አለ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ቤቴ በደስታ ገባሁ። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

በበዓል ቀን የሚለበስ የሚመስል ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ፍራፍሬ ይዞ እነጋሼ ቤት መጣ። እኔ ልጄን ጓዳ አስተኝቼ፣ የእጅ ባሮሜትሩን በቦርሳዬ ይዤ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጫለሁ። የተሸለሙት ሰዓት ከፊታችን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ስታንዳርድ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ።

«ጋሼ፣ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው። ስህተቱ የእኛ ነው። በእርስዎ እጅ ላይ አንዳች ጉድለት አልነበረም። የግፊት አወሳሰድ ችግር ነው። እርስዎ እኮ አባታችን ነዎት፤ ሁላችንም ከእርስዎ ነው የተማርነው፤ ድርጅቱ ሁልጊዜ ቤትዎ ነው።»

አንድም ውሸት አልተናገረም። እያንዳንዷ ቃል እውነት ናት። ግን የተናገረበት ድምፅ ሰዓቱን ሲሸልማቸው የነበረው ድምፅ መሆኑን እትዬ በኋላ ነገረችኝ። «አባታችን» ያኔም ነበረች፤ «ቤትዎ» ያኔም ነበረች። ጋሼ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙት፤ «ይስጥልኝ ልጄ፣ ስለመጣህ ደስ ብሎኛል» ብለው እስከ በር ሸኙት።

ተመልሰው ሲቀመጡ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። «ለምን አስቸገርሽው?» አሉኝ።

«ማንን?»

«ሰውየውን። ጨዋ ልጅ ነው። ለምነሽው እንደመጣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።»

«ለምኜው አይደለም፣ አስፈራርቼው ነው!»

«እሱስ ያው ነው» አሉና ፈገግ አሉ።

ባሮሜትሩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ስልኬንም ከጎኑ። ተማሪ ሳለሁ እንዳስረዱኝ አድርጌ አስረዳኋቸው፤ ማሽኑ የቆመበትን አየር፣ የባሕሩን አየር፣ ሦስቱንም ጊዜ ያልተለወጠውን ኪሎ። ጋሼ በጥሞና ሰሙኝ። አንድ ቦታ ላይ ስሳሳት አረሙኝ እንኳ። ባሮሜትሩን ጎንበስ ብለው አዩት፤ አልነኩትም።

«ሒሳቡ ልክ ነው» አሉ።

«ታዲያ?!»

«ያመጣሽው ግን አንቺ ነሽ።»

«እና እኔ ባመጣው ምን አለበት?»

«ቁጥሩ ሲጥለኝ ዘመድ አልነበረውም፣ ሚጣ። ሊያነሣኝ ሲመጣ የእኅቴ ልጅ ይዛው መጣች።» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር እጣላቸው ነበር። «ከአራስ ቤት በወጣሽ ማግስት ለእኔ ስትሯሯጪ ሳይ ደስ ይለኛል። አሳድጌሻለሁና ደስ ይለኛል። ግን አታባብዪኝ።»

«እኔ አላባብልም! ኦፕሬተሯን ይጠይቋት! የደንበኛውን ሰው ይጠይቁት!»

«ደግሞም እጄ ተንቀጥቅጧል። ሁለተኛ ጊዜ ስገጥም በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ወድቀዋል ከተባሉ በኋላ እኮ ነው! እንደዚያ ሲባል የማን እጅ አይንቀጠቀጥም?»

«ከዚያ በፊትም ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ልብ ሳልለው ቀርቼ ይሆናል።» ወደ ሰዓቱ ቀና አሉ። «ስንቱን ማሽን እንዲህ ገጥሜ አሳልፌ ይሆን እያልኩ ነው አሁን የማስበው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነው።»

ያን ሰዓት ስታንዳርድን የጠላሁትን ያህል እሳቸውንም ጠላኋቸው። እውነቱን ከመሣሪያው ጋር ፊታቸው አስቀምጬላቸው፣ ልክ ነው ብለውኝ፣ ሒሳቤን አርመው፣ አላምንም ይሉኛል። በደህና ጊዜ «ቁጥሩ አክስትህ መሰለችህ?» እያሉ ሲያስቁን የነበረው ነገር ዞሮ እሳቸውን አሰረ። እኔ አሁን አክስትየዋ ሆኜ ቀርቻለሁ። ሌላ ማን ይንገራቸው? የነገራቸው አለቃ ሸኚ መሰላቸው፣ የነገረቻቸው ልጃቸው አዛኝ መሰለቻቸው። ሌላ የምታውቀው ገርሟት ዝም ያለችው ኦፕሬተር ብቻ ናት፤ ሌላ የሚናገር አይኖርም።

ልጄ ጓዳ ሆና አለቀሰች። ሄጄ አነሣኋት። መጥቼ ፊታቸው ቆምኩ። ንዴት ነው ያስደረገኝ፤ ሌላ ሰበብ አልፈልግለትም። «እንኩ» አላልኩም፣ አልጠየቅኳቸውም። ጎንበስ ብዬ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኳትና እጄን ለቀቅኩ።

ሁለቱ እጆች ከኪስ ወጡ። ማን እንዳዘዛቸው እንጃ። አንዱ ከአንገቷ ሥር ገባ፣ አንዱ ከወገቧ ሥር ገባ፤ ልክ መያዝ ያለባትን ቦታ ያዟት። ልጅቱ አንዴ ተንሰቀሰቀችና ዝም አለች። እጆቹን አየኋቸው። ዕድሜ ልኬን ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንቅስቃሴ ካለ አያመልጠኝም። ዝንፍ አላሉም። የልጄ የራስ መሸፈኛ ጨርቅ ጫፍ እንኳ አልተነቃነቀችም።

«ይዩት ጋሼ» አልኩ።  «በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ እጅዎን አንዴ ይዩት።»

እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፊታቸው በላብ ርሷል። «አንቺ! የት ነሽ! ቶሎ ነይ፣ ያዢልኝ! ልትወድቅ ነው!» ይላሉ፤ ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ እጇን በቀሚሷ እያበሰች ሮጣ መጣችና ልጅቱን ከእጃቸው ወሰደቻት። ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱና አዩኝ።

«አየሽ?» አሉኝ። «ለጥቂት ነው የተረፈችው።»